አሮጌውን ኮርሳ በሞተር ማገዝ፦ ከዳገቱ እስከ መጨረሻው ዳዶ

ውድ ታዳሚዎች፣ እንደምን አላችሁ። ዛሬ የምንነጋገረው በየጓሮውና በየመጋዘኑ አቧራ ለብሶ ስለቆመው የብረት ኮርሳ ነው። መሪው የተጠማዘዘ፣ ጎማው ቀጭን፣ የማርሽ ምላሶቹ ከፍሬሙ ታችኛው ቱቦ ላይ የተተከሉ፣ ያንን ብስክሌት ታውቁታላችሁ። ፔዳሉን ስትመቱ ሞተር እንዲያግዛችሁ አድርጎ መሥራት ይቻላል፤ በደንብ ከተሠራም ለብዙ ዓመት ያገለግላል። ችግሩ ብዙ ሰው ሥራውን ከጅራቱ መጀመሩ ነው። መጀመሪያ ሞተር ይገዛል፤ አልገጥም ሲለው ፍሬም መለጠጥ፣ ሹካ መሞረድ፣ መጨረሻም መዶሻ ማንሳት ይመጣል። በእኛ እምነት ሞተር የሚገዛው በስተመጨረሻ ነው። አስቀድሞ ዳገቱ ይሰላል፣ ፍሬሙ ይለካል፣ ፍሬኑ ይታደሳል። እነዚህ ሦስቱ ሲያልቁ የትኛው ሞተር እንደሚያስፈልግ ራሱ ብስክሌቱ ይነግራችኋል።

ከዳገቱ እንነሳ። እናንተ፣ ቦርሳችሁ፣ ብስክሌቱ፣ ሞተሩና ባትሪው ተደምራችሁ 100 ኪሎ ትመዝናላችሁ እንበል። 100 ኪሎን 100 ሜትር ወደ ላይ ማንሳት 27 ዋት-ሰዓት ጉልበት ይጠይቃል። ይህን የሚቀንስ ሞተር የለም። ሞተሩ ከባትሪ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ሦስት አራተኛውን ወደ ጎማው አደረሰ ብንል፣ ብቻውን 100 ሜትር ሊያወጣችሁ 36 ዋት-ሰዓት ይፈጃል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ከቦሌ አካባቢ ተነስቶ እንጦጦ የሚወጣ ሰው ወደ 700 ሜትር ገደማ ከፍታ ይጨምራል። 36 በ7 ሲባዛ 252 ዋት-ሰዓት ነው፤ እግራችሁ ግማሹን ከሠራ 126። የጎማው ፍትጊያና ነፋሱ በዚህ ላይ ይታከላሉ። ባትሪ የሚመረጠው በዚህ ስሌት ነው። ሻጩ «60 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» ሲል በየትኛው ዳገት እንደሆነ አይነግራችሁም።

ኃይሉንም እንመልከት። 6 በመቶ በሚሆን ዳገት ላይ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ለመሄድ ይኸው 100 ኪሎ 230 ዋት አካባቢ ይፈልጋል። ጤነኛ ሆኖ ለውድድር ያልሠለጠነ ሰው ለረጅም ጊዜ የሚያወጣው ከ100 እስከ 150 ዋት ነው፤ አየሩ በሚሳሳበት በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። የጎደለው እንግዲህ ከ100 ዋት ትንሽ ከፍ ያለ ነው፤ 250 ዋት የተጻፈበት ሞተር ይበቃዋል። በሞተሩ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ሳይግል ያለማቋረጥ የሚሸከመው ልክ እንጂ ጣሪያው አይደለም። 36 ቮልትና 15 አምፒር የሚል ኮንትሮለር (ከባትሪው ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚቆጣጠረው ሳጥን) ለጥቂት ደቂቃ እስከ 540 ዋት ከባትሪው ይስባል። ስለዚህ «1,000 ዋት» ተብሎ የሚሸጠውን ለኮርሳ አትግዙ። ኮርሳ የተሠራው ለአንድ ሰው እግር ነው፤ ሹካውም፣ ቸርኬውም፣ ሰንሰለቱም ያንን ጉልበት የሚሸከሙበት አቅም የላቸውም።

ውጭ አገር ያላችሁ የሕጉንም ልክ እወቁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሞተሩ ከ250 ዋት ሳይበልጥ፣ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እገዛውን ማቆም አለበት። እስራኤልም ልኩ ይኸው ነው፤ በተጨማሪ አሽከርካሪው 16 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። በአሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ ከ750 ዋት በታችና በሞተር ብቻ በሰዓት እስከ 32 ኪሎ ሜትር ይፈቅዳል፤ ከዚያ ውጭ ግዛቶቹ የየራሳቸው ደንብ አላቸው።

አሁን ወደ ፍሬሙ። አንድ ማግኔት፣ አንድ ካሊፐር (ስፋትና ውፍረት በሚሊ ሜትር የሚለካ መሣሪያ) እና ሦስት ሜትር ያህል ሲባጎ ያስፈልጋችኋል። ማግኔቱ ፍሬሙንም የፊት ሹካውንም አጥብቆ ከያዘ ሁለቱም ብረት ናቸው፤ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ሹካው አሉሚኒየም ወይም ካርቦን ከሆነ የፊት ጎማ ሞተር ከሐሳባችሁ ይውጣ። ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጣመማል፣ ታዩታላችሁ፤ አሉሚኒየም ሳያስጠነቅቅ ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ብስክሌቱን ገልብጡና የፔዳሉ አክስል የሚያልፍበትን ቱቦ ፈትሹ። ዝናብ በኮርቻው ቱቦ ገብቶ የሚጠራቀመው እዚያ ነው፤ ቀለሙ ካበጠ ከሥሩ ዝገት አለ። የፊት ሹካው ከፍሬሙ ጋር የሚጋጠምበት አንገት ላይ፣ በታችኛው ቱቦ ሆድ በኩል፣ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወይም የቀለም መኮማተር ካያችሁ ያ ፍሬም ለሞተር አይሆንም። በብየዳ አድናለሁ የሚል አለ፤ ቀጭኑን የኮርሳ ቱቦ ግን የብየዳው ሙቀት ይበልጥ ያደክመዋል።

የኋላውን ስፋት ለኩ። ጎማው ወጥቶ በሁለቱ የአክስል ማረፊያዎች መካከል ያለው ርቀት በባለ 5 ጥርስ (ከኋላ 5 የጥርስ ቀለበት ባለው) ኮርሳ 120 ሚሊ ሜትር፣ በባለ 6 እና 7 ጥርስ 126፣ ከዚያ ወዲህ ባሉት 130 ነው። የኋላ ጎማ ሞተር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 135 ይፈልጋል። ብረት በጥንቃቄ ሊለጠጥ ይችላል። ከ126 ወደ 130 የሚደረገው የተለመደ ሥራ ነው፤ ወደ 135 ሲሆን ግን በእያንዳንዱ ጎን 4.5 ሚሊ ሜትር መክፈት ስለሚሆን ሁለቱ ማረፊያዎች ትይዩነታቸውን ያጣሉ፣ አክስሉም ጎብጦ ይኖራል። የለጠጣችሁ እንደሆነ ሲባጎውን ከአንዱ ማረፊያ አስራችሁ በፍሬሙ አንገት ዙሪያ አዙራችሁ ወደ ሌላኛው ማረፊያ መልሱና ወጥሩት። ከሲባጎው እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለው ርቀት በግራም በቀኝም እኩል መሆን አለበት። በአንድ ሚሊ ሜትር ከበለጠ አንዱ ጎን ብቻ ተከፍቷል። አሉሚኒየም ፍሬም ፈጽሞ አይለጠጥም።

በዚህ ምክንያት ለአሮጌ ኮርሳ የኋላ ጎማ ሞተር አንመክርም። የሚቀሩት ሁለት መንገዶች ናቸው፤ የፊት ጎማ ሞተር ወይም በፔዳሉ ቦታ የሚገባ የመሐል ሞተር። ባህር ዳርና ሐዋሳን በመሰለ ሜዳ ከተማ የፊቱ ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ ሰንሰለትና ጥርስ አይጨርስም። አዲስ አበባን፣ ጎንደርንና ደሴን በመሰለ ዳገታም ከተማ ግን የመሐሉን ምረጡ፤ ምክንያቱን ልንገራችሁ። የፊት ጎማ ሞተር የሚለወጥ ማርሽ የለውም። ለኮርሳ ጎማ የሚሆነው በደቂቃ 200 ዙር ገደማ ይዞራል፤ የጎማው ዙሪያ 2.1 ሜትር ስለሆነ ይህ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ነው። በደቂቃ 260 ዙር የሚዞረው በትንንሽ ጎማ ላይ እንዲሠራ የተጠቀለለ ነው፤ ኮርሳ ላይ ሲገባ ሜዳ ላይ ይፈጥናል፣ ዳገት ላይ ይደክማል። ሞተር ከፍጥነቱ ግማሽ በታች ተጎትቶ ሲዞር ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ትልቅ ድርሻው ሙቀት ይሆናል። ረጅም ዳገት ላይ እንዲህ ከቆየ መጠምጠሚያው ይግላል፣ በውስጡ ያሉት የናይለን ጥርሶችም ይለሰልሱና ይላጣሉ። የመሐል ሞተር ግን በብስክሌቱ ማርሽ ውስጥ ያልፋል። ከፊት 46 ጥርስ፣ ከኋላ 28 ጥርስ ላይ ስታደርጉት፣ ፔዳሉ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ በሰዓት ከ12 ኪሎ ሜትር ትንሽ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ሞተሩ ግን በሚወደው ፍጥነት ላይ ነው።

የፊቱን የመረጣችሁ ከሆነ የሥራው ሁሉ ቁልፍ አክስሉ ነው። የሞተር አክስል ውፍረቱ 12 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሁለት ጎኑ ወደ 10 ተጠርቧል፤ የሹካው አፍ ግን ለ9 ሚሊ ሜትር አክስል የተከፈተ ነው። መሞረድ ግድ ይላል። ጠፍጣፋ ደቃቅ ሞረድ ያዙ፤ መፍጫ ማሽን አታስጠጉ። ከአፉ ፊትና ኋላ ግድግዳ እኩል እኩል፣ ከእያንዳንዱ ግማሽ ሚሊ ሜትር፣ አምስት ጊዜ ሞርዶ አክስሉን እየሞከሩ መሄድ ነው። ጣሪያውን አትንኩ፤ አንዱ ጎን ከጠለቀ ጎማው ዘንበል ብሎ ይቀመጥና የፍሬን ላስቲኩን ይፍቃል። ልክ የሚሆነው አክስሉ በጣት ግፊት ገብቶ ወደ ግራና ቀኝ ሳይወዛወዝ ሲቀር ነው። ወዝወዝ ካለ አልፋችሁታል፤ ያ ሹካ ይለወጣል።

ይህን ያህል የምናጠብቀው በምክንያት ነው። ሞተሩ ጎማውን ሲያዞር አክስሉ በተቃራኒው ለመዞር ይታገላል። 30 ኒውተን-ሜትር (የመጠምዘዝ ኃይል መለኪያ ነው) የሚያወጣ ሞተር በ10 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ ሲያርፍ የሹካውን አፍ ወደ 300 ኪሎ በሚጠጋ ኃይል ሊያስከፍተው ይገፋል። አፉ ከተከፈተ አክስሉ ይሽከረከራል፣ ገመዱን ጠምዝዞ ይበጥሳል፣ ጎማው ከሹካው ይወጣል። ስለዚህ የአክስሉን ጠፍጣፋ ጎን የሚይዝና ሌላ ጫፉ ከሹካው እግር ጋር የሚታሰር የብረት መቆለፊያ ክንድ የግድ ነው፤ ቢያንስ አንድ፣ ቢቻል በሁለቱም ጎን። ብዙ ሹካዎች በማረፊያው ዙሪያ ትንሽ ከንፈር አላቸው። ሮንዴላው ከንፈሩ ላይ ከተቀመጠ ዳዶው የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም፤ በጎድጓዳው ውስጥ ልክ የሚገባ ሮንዴላ አስገቡ። ዳዶው ከ35 እስከ 40 ኒውተን-ሜትር ይጠበቃል። ገመዱ ከአክስሉ ሲወጣ ወደ ታች ይይ፤ ወደ ላይ ካየ ዝናቡ በገመዱ ተንሸራትቶ ሞተሩ ውስጥ ይገባል።

የመሐል ሞተር ሲሆን መጀመሪያ የድሮውን የፔዳል አክስልና ጽዋዎቹን (አክስሉን በቱቦው ውስጥ የሚይዙትን፣ እንደ ብሎን የሚጠብቁ ቀለበቶች) ማውጣት አለ። ብዙ ፍሬም የሚበላሸው እዚህ ነው። በእንግሊዝ ልክ የተሠራው ቱቦ 68 ሚሊ ሜትር ስፋት አለው፤ በሰንሰለቱ በኩል ያለው ጽዋ የግራ ጥርስ ስለሆነ የሚፈታው በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ ነው። የጣሊያኑ 70 ሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለቱም ወገን በተለመደው አቅጣጫ ይፈታል። ብዙዎቹ አሮጌ የፈረንሳይ ፔጆዎች ደግሞ ስፋታቸው 68 ሆኖ አፈታታቸው እንደ ጣሊያኑ ነው። ስፋቱ ብቻውን አይበቃምና ጽዋው ላይ የተቀረጸውን አንብቡ። ዘልቆ የሚገባ ዘይት ነፍታችሁ አሳድሩት፤ ጠዋት ላይ ግማሹ ትግል ያልቃል።

ባፋንግ የተባለው የቻይና ኩባንያ የሚሠራቸውን የመሰሉ የመሐል ሞተሮች የሚያልፉበት ክፍል 33.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በእንግሊዙና በፈረንሳዩ ቱቦ ያልፋል፤ ሰፋ ባለው የጣሊያን ቱቦ ውስጥ ግን ይላወሳል፣ ስለዚህ ቀጭን የነሐስ ወይም የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ይጠቀለልበታል። ከመግዛታችሁ በፊት የሞተሩን ልክ የያዘ ካርቶን ቆርጣችሁ በቦታው ያዙት። የውድድር ኮርሳ የኋላ ቱቦዎች ከፔዳሉ አጠገብ ሰፋ ስለሚሉ የሞተሩ የማርሽ ቤት ሊነካቸው ይችላል። ሌላው የሚረሳ ነገር የማርሽ ሽቦው ነው፤ በብዙ ኮርሳ ከፔዳሉ ቱቦ ሥር ነው የሚያልፈው። ሞተሩ ሲገባ ይጨፈልቀዋል፣ ማርሹም እንቢ ይላል። ሽቦውን በሽፋን አድርጋችሁ በሌላ መንገድ አሳልፉት።

የመሐል ሞተር የታወቀ ሕመም መላላት ነው። በግራ በኩል የሚይዘው ትልቅ ዳዶ ሰው ፔዳል በመታ ቁጥር ትንሽ ትንሽ ይለቃል፤ ከዚያ ሞተሩ ተነስቶ የታችኛውን ቱቦ ይመታል፣ ቀጭኑ ቱቦም ይሰረጉዳል። የቱቦውንና የጽዋውን ጥርስ ከዝገት አጽዱ፣ መያዣውን ሳህን በሁለቱም ብሎኖቹ እሰሩ፣ ከመጀመሪያው 50 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አጥብቁ። ማርሽ ስትለውጡ ደግሞ እግራችሁን ለአንድ አፍታ አሳርፉ። የሞተር ጉልበት ባለበት ማርሽ መለወጥ ሰንሰለት ይበጥሳል፣ ጥርስም ይሰብራል። የድሮው ባለ 6 ጥርስ ሰንሰለት ወፈር ያለ ስለሆነ ከአዲሶቹ ቀጫጭኖች ይልቅ ይህን ሥራ ይችላል፤ አሮጌነቱ እዚህ ይጠቅማል።

ፍሬን። ያንኑ ማግኔት ቸርኬው ላይ አስጠጉ፤ ከያዘ የክሮም ብረት ነው። የክሮም ቸርኬ ዝናብ ሲነካው ላስቲኩ ይንሸራተታል፣ ብስክሌቱም እንደፈለገው ይሄዳል። በክረምት፣ በቁልቁለት፣ በኮብልስቶን ላይ ይህ ሕይወት ያስከፍላል፤ ስለዚህ በአሉሚኒየም ቸርኬ ካልተለወጠ ሞተር አይገጠምለትም እንላለን። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚወርድ ብስክሌት በ25 ከሚሄደው 2.5 እጥፍ የሚሆን ጉልበት ይዟል፤ ያን ሁሉ የሚበላው ላስቲኩ ነው። የደረቀ ላስቲክ፣ የዛገ ሽቦና ሽፋኑ ሙሉ በሙሉ ይለወጡ። ከመሪው ላይኛው ክፍል ሆነው የሚያዙት ተጨማሪ የፍሬን ምላሶች ግማሽ መንገድ ተስበው መሪውን ስለሚነኩ ይውጡ።

ቸርኬ ስትለውጡ የልክ ነገር አለ። የድሮ ኮርሳዎች ብዙዎቹ 27 ኢንች ናቸው፤ ጎማው የሚቀመጥበት 630 ሚሊ ሜትር ነው። ዛሬ የሚሸጠው 700 የሚባለው ደግሞ 622። ልዩነቱ በራዲየስ 4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ የፍሬን ላስቲኩ 4 ሚሊ ሜትር ዝቅ ማለት አለበት። የፍሬኑ ክንድ ያን ያህል ካልወረደ ላስቲኩ ጎማውን ይበላል፤ ክንዱ ረዘም ያለ ፍሬን ይገዛል። በዚሁ አጋጣሚ 23 ሚሊ ሜትር ጎማ ትታችሁ 28 ወይም 32 አስገቡ። የድሮው ፍሬም ቦታ አለው፤ ካላማዳሪያውም በየኮብልስቶኑ ጫፍ አይነከስም።

ባትሪው ላይ ቆም እንበል፣ ቤት የሚያቃጥለው እሱ ነውና። 36 ቮልት ባትሪ ማለት 10 ሴል (በውስጡ ያሉት ትንንሽ ባትሪዎች) በተከታታይ ነው፤ ሲሞላ 42 ቮልት፣ ባዶ ሲሆን 30 አካባቢ። 18650 የሚባለው ሴል ጥሩው 3.5 አምፒር-ሰዓት ይይዛል። ሦስት ሦስቱን በትይዩ ብታደርጉ 30 ሴል፣ 10.5 አምፒር-ሰዓት፣ 378 ዋት-ሰዓት ይሆናል። አንዱ ሴል ከ45 እስከ 50 ግራም ስለሚመዝን 30ው ብቻውን 1.4 ኪሎ ገደማ ነው። «10 አምፒር-ሰዓት» የተባለ ባትሪ ከነሽፋኑ ከዚያ በታች ከመዘነ ውስጡ የተባለው የለም። ሴሉ ላይ 9,800 ሚሊአምፒር-ሰዓት ተጽፎ ካያችሁ ሐሰት ነው፤ በዚያ መጠን እንዲህ ያለ ሴል የለም። ከአሮጌ ላፕቶፕ የተለቀመ ሴልም አትቀበሉ፤ ዕድሜያቸው የተለያየ ሴሎች አንድ ላይ ሲታሰሩ ደካማው ቀድሞ ይሞላል፣ ቀድሞም ይግላል።

ከውጭ የምታመጡ፣ ሞተሩና ኮንትሮለሩ በሻንጣ ይገባሉ፤ ባትሪው ግን አይገባም። ከ160 ዋት-ሰዓት በላይ የሆነ የሊቲየም ባትሪ በእጅም በሻንጣም በመንገደኛ አውሮፕላን አይጫንም። ቻርጀሩ ላይ ያለውንም አንብቡ፤ «ከ100 እስከ 240» ካላለና የአሜሪካን 110 ብቻ የሚቀበል ከሆነ የእኛ 220 ወዲያው ያቃጥለዋል። ሌላው አደገኛ ስህተት የ48 ቮልት ባትሪ ቻርጀር ነው። እስከ 54.6 ቮልት ይሰጣል፤ መሰኪያው ግን ከ36ቱ ጋር ሊመሳሰል ይችላል። በባትሪውና በቻርጀሩ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ቀቡ፤ የማይመሳሰል አይሰካ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ስለሚዘል፣ ሲሄድ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ተመልሶ ሲረጋ ሰኩ። አልጋ አጠገብ ወይም መውጫ በር ላይ አይሞላ፤ ተኝታችሁም አይሞላ። በ2 አምፒር ቻርጀር ከባዶ እስከ ሙሉ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይወስዳል። በረዶ ያለበት አገር የምትኖሩ ከ0 ዲግሪ በታች የዋለ ባትሪ ቤት ገብቶ ሳይሞቅ አትሙሉት፤ ሴሉ ውስጥ ሊቲየም ብረት ሆኖ ይጋገርና ሳይታይ ይጎዳዋል። ለወራት ሲቀመጥ 37 ወይም 38 ቮልት ላይ ይሁን።

ባትሪው የሚቀመጠው ዝቅ ብሎ በፍሬሙ ሆድ ውስጥ ነው። የውኃ ጠርሙስ መያዣ ሁለት ብሎን ቀዳዳ ካለው ባትሪው የሚቀመጥበትን ሐዲድ እዚያ እሰሩ፣ በሦስተኛ ቦታ ላስቲክ የተደረገበት መቆንጠጫ ጨምሩ። ቀዳዳ ከሌለው አትብሱት፤ የኮርሳ ቱቦ መሐሉ ላይ ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ሊሆን ይችላል። በአራት መቆንጠጫ ወይም በፍሬሙ ውስጥ በምትንጠለጠል ጠንካራ ቦርሳ ይያዝ። የማርሽ ምላሶቹ ከባትሪው ጎን ስለሚውሉ እስከ መጨረሻ ተስበው ባትሪውን እንዳይነኩ አስቀድማችሁ ሞክሩ።

ኤሌክትሪኩ ከሁሉ ይቀላል፤ ሶኬቶቹ በቀለም ይገናኛሉ። ሁለት ነገር ብቻ። የፊት ሞተር ሲሆን በፔዳሉ አክስል ላይ የሚገባውና ፔዳሉ መዞሩን የሚያስታውቀው የማግኔት ቀለበት የተገላበጠ እንደሆነ ሞተሩ ወደ ፊት ስትመቱ ዝም ይላል፤ ተበላሸ ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ቀለበቱን ገልብጡት። ቀጥሎ፣ ፍሬን ሲያዝ ሞተሩን የሚያጠፋው ሴንሰር። የኮርሳ ፍሬን ምላስ ከሞተሩ መግጠሚያ ዕቃዎች ጋር ከሚመጣው ምላስ ጋር አይለዋወጥም፤ ስለዚህ የሚለጠፍ ማግኔት ወይም በፍሬኑ ሽቦ መሐል የሚገባውን ዓይነት ፈልጉ። እግራችሁን ካቆማችሁ በኋላ ሞተሩ ለአንድ አፍታ መግፋቱን ስለሚቀጥል፣ ያለ ሴንሰሩ መስቀለኛ መንገድ ላይ ትቸገራላችሁ። የእጅ ነዳጅ መስጫውን ተዉት፤ የተሠራው ለ22.2 ሚሊ ሜትር መሪ ነው፣ የኮርሳው 23.8 ነው።

መጀመሪያ ስትወጡ ሜዳ ላይ፣ በዝቅተኛው እገዛ፣ አምስት ኪሎ ሜትር ሂዱ። ወርዳችሁ ሞተሩን በእጃችሁ ዳስሱ፤ እጅ የማያስጠጋ ከሆነ የሆነ ቦታ ይጎተታል። ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ የአክስል ዳዶዎችን፣ የመቆለፊያ ክንዱን፣ የባትሪውን ብሎኖችና የቸርኬውን ሽቦዎች አንድ በአንድ እዩ። ሽቦዎቹን በጣት ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ ጨምቁ፤ የላላው ራሱን ያሳያል፣ ሲመታም ድምፁ ከሌሎቹ ይደፈናል። የሞተር ጎማ ካላማዳሪያ መንገድ ላይ ሲተነፍስ በእጅ አይፈታምና፣ ብዙውን ጊዜ 18 ቁጥር የሆነውን የአክስሉን ቁልፍ ከኮርቻው ሥር አስራችሁ ውጡ። የገመዱ ሶኬት ላይም ሁለቱን ጎን የሚያጋጥም ነጭ መስመር በቀለም አስምሩ፤ በጨለማና በዝናብ መልሳችሁ ስትሰኩት ሚስማሮቹ እንዳይጎብጡ።